ታኮው

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። እግዚአብሔርን «ካወጣኸኝ እመሰክራለሁ» ብዬው ነበር። አወጣኝ። እኔ ግን ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ረስቼ ሳይሆን ተቀይሜ ነው፤ እሱንም እናገራለሁ።

ደብረ ሲና አካባቢ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። የምነዳው ሞተር ሳይክል የመሥሪያ ቤቴ ነው። ነሐሴ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዓርብ ነው፣ የፍልሰታ ጾም። ደብረ ብርሃን እማዬ ጋ ውዬ አመሻሽ ላይ ልመለስ ተነሣሁ። «እደር እንጂ፤ ጉሙን አታይም?» አለችኝ። «ጉሙማ መች ጠፍቶ ያውቃል?» ብዬ ስሜያት ወጣሁ። «እመብርሃን ትከተልህ» ስትል ከኋላዬ ሰማኋት።

ጣርማበርን ለማታውቁ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስትሄዱ ጣልያን የፈለፈለው ዋሻ አለ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ስትወጡ መሬቱ ከፊታችሁ ያልቅና መንገዱ ገደሉን እየታከከ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ክረምት ላይ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይመጣል። መብራት ስታበሩበት ነጭ ግድግዳ ይሆንባችኋል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቼ በፍሪ ነበር የምወርደው። ቤንዚን ለመቆጠብ። ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ራሱ ይይዝሃል፤ በፍሪ ስትለቀው ግን ያለህ ፍሬን ብቻ ነው። አውቃለሁ። ግን ስንቴ ወርጄበት ምንም አልሆንኩም። ሄልሜቱንም ክንዴ ላይ ነበር የማንጠለጥለው። ያን ቀን ያጠለቅሁት ብርዱ ጆሮዬን ስለቆረጠኝ ነው። ተጠንቅቄ አይደለም። ዛሬ ሄልሜቱ እናቴ ቤት አለ፣ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ተሰንጥቋል። ብርዱንም የላከው እሱ ነው እላለሁ፤ የፈለገ ይሳቅብኝ።

ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ኩርባ ላይ ከጉሙ ውስጥ ድንጋይ ብቅ አለ። የጭንቅላት ያህላል። ከባድ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር የሚደረገው ታኮ ነው። መኪናው ሲነሣ የሚያነሣው የለም። የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ። አስፋልቱ እርጥብ ነው። ከዚያ በኋላ አስፋልትም አልነበረም።

ስነቃ ቁጥቋጦ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ቤንዚን ይሸታል። አንድ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ደሜ መስሎኝ ነበር፣ የሞተሩ ነዳጅ ነው። ቀኝ እግሬን አየሁት። ጫማዬ ወደ ውጭ፣ መዞር ወደማይገባው በኩል ዞሯል። ሕመሙ ገና አልመጣም ነበር። ካየሁት በኋላ መጣ።

ስልኬ የለም። ኪሴን ዳበስኩ፣ ሣሩን ዳበስኩ። ከላይ መኪና ያልፋል። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጉሙ ይነጣል፣ ከዚያ መልሶ ይጨልማል። «የሰው ያለህ!» እላለሁ። ያልፋል። ሌላው ይመጣል። «የሰው ያለህ!» ያልፋል። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። አንዴ ከታች ጅብ ጮኸ። ሩቅ ነበር፤ ግን ደም ደም እንደምሸት ትዝ አለኝ።

«አባታችን ሆይ» ጀመርኩ። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ። እዚያው ላይ ጠፋብኝ። ሳላስበው አፌ ላይ የመጣው ዳዊት ነው፦ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» እማዬ ዳዊት በየዕለቱ ትደግማለች፤ 120ኛው መዝሙር የዓርብ ነው። ያን ጧት በራፍ ላይ ሆና ስትደግመው ሻይ እየጠጣሁ ሰምቻታለሁ። ወደ ላይ አየሁ። ተራራው አይታይም። ጉም ብቻ። ስለቱን የተሳልኩት ያኔ ነው።

ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ከባድ መኪና ዳገቱን እያጓራ መጥቶ ልክ ከበላዬ ቆመ። ሞተሩ ግሎ ነው አሉ በኋላ። በር ተከፈተ። ሰው ዘሎ ሲወርድ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። ለመጮህ ድምፅ የለኝም። ሄልሜቴን እንደምንም አውልቄ በድንጋይ መደብደብ ጀመርኩ። ቋ! ቋ! ቋ!

የስልክ ባትሪ ወደ ታች በራ።

«ሰው ነህ ጂኒ?»

«ሰው» አልኩ። የወጣልኝ እሱ ብቻ ነው።

ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። የጭነት ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ። እግሬን ሲያይ ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ሁለቱን እግሮቼን አንድ ላይ አሰረልኝ። «ቢስሚላህ» ብሎ አነሣኝ። ከኋላ የቆመው ሚኒባስ ተሳፋሪዎች ገመዱን ሳቡ። አንዲት እናት ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡልኝ፣ ጋቢውንም ሳይወስዱ ሄዱ። እማማ፣ ጋቢዎ ታጥቦ ተቀምጧል። ይህን ካነበቡልዎት እግዚአብሔር በሰማይ ቤት ያልብስልኝ።

ጋቢና ውስጥ አስተኙኝ። ልጁ ገና ውጭ ነው። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተጣራ፦

«ረዳት! ና ግባ! ረዳት!»

ሕመሙ እያንሰፈሰፈኝ ሳቅሁ። ሾፌሩ ጭንቅላቴ የተነካ መሰለው። የጠየቅሁት ረዳት መጣ፤ ራቁት ደረቱን ብርድ እያንቀጠቀጠው አጠገቤ ተቀመጠ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ እጄን አልለቀቀም።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን አዲስ አበባ ወስደውኝ ጭኔ ውስጥ ብረት ከገባ በኋላ፣ ቁስሉ አመርቅዞ እንደገና ሲከፈት፣ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ያው መዝሙር «እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም» ይላል። እግሬን! እማዬ አልጋዬ ሥር ዳዊት ስትደግም «ዝጊልኝ እሱን!» ብዬ ጮህኩባት። መጽሐፉንማ ከፍታው አታውቅም፣ በቃሏ ነው፤ ከዚያ በኋላ በለሆሳስ ትደግም ነበር። የንስሐ አባቴ መጡ። ይገሥጹኛል ብዬ ስጠብቅ «ለእሱ ነው የተናገርከው? ደግ አደረግህ። ዳዊትስ እስከ መቼ ትረሳኛለህ አላለውም?» አሉኝና ብርቱካን መላጥ ጀመሩ።

ዘጠኝ ወር በክራንች ሄድኩ።

ቀኝ እግሬ ዛሬም ከግራው ያጥራል፤ ጫማ ሰፊው ተረከዙ ላይ ጎማ ጨምሮልኛል። ቁጣዬ መቼ እንደበረደ አላውቅም። ሞተር መንዳት ጀምሬያለሁ፤ ማርሽ አላወጣም፣ ሄልሜቴን ሰፈር ውስጥም አላወልቅም። የልጁን ስልክ ያኔ አልያዝኩም። ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት የሚቆም ከባድ መኪና ባየሁ ቁጥር ረዳቱን ቀና ብዬ አያለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ከእማዬ ጋር ቦታው ላይ ወረድን። ሻማ ይዛለች። ኩርባው ላይ አንድ ታኮ ተጋድሟል፤ ከላዩ የጎማ ጥቁር አለበት። ክራንች ብተውም ጎንበስ ማለት አይመቸኝም። በአጭሩ እግሬ ገፋሁት። እማዬ ሻማዋን ቦይ ዳር አስቀመጠችና በሁለት እጇ ረዳችኝ። እየተንከባለለ ወደ ቦዩ ገባ። ወደ ታች ስንሄድ ሌላ አየን፤ እሱንም ገፋነው።