ቦልትን ስቆጥረው

ባለፈው እሁድ ከሰዓት አንድ ነገር በራልኝ። ደስታው እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ ላካፍላችሁ።

ከግንቦት ጀምሮ በትርፍ ሰዓቴ የዩሴን ቦልትን እርምጃ እቆጥራለሁ። በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የገባበትን ሩጫ ማለቴ ነው። ዕቃዬ አንድ ባለመስመር ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ፍቅሩ የጀመረኝ ነሐሴ 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፣ በቤጂንግ ኦሊምፒክ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የቤታችን ሰው ሁሉ ልቡ ያለው 10 ሺህ ሜትር ላይ ነበር። ጥሩነሽ በዋዜማው አሸንፋለች፣ ቀነኒሳ በማግስቱ ይሮጣል። መሃል ላይ ይሄ ረጅም ጃማይካዊ ብቅ አለ። የጫማው ማሰሪያ ተፈትቷል። መስመሩ ጋ ሳይደርስ እጁን ዘርግቶ ደረቱን መታ። 9.69! አባቴ «ሳይጨርስ ቆመ እኮ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። በዓመቱ በዚያው ቀን፣ ነሐሴ 10 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ 9.58 መጣ። በማግስቱ ደግሞ ቀነኒሳ 10 ሺህውን በድጋሚ ወሰደ። ነሐሴ 10 እና 11ን እስከ ዛሬ እንደ በዓል ነው የማያቸው።

ስለ ስምንቱ የኦሊምፒክ ወርቅ አልዘረዝርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወደ ቆጠራው ልግባ።

ሁሉም ሰው «ቦልት 100 ሜትርን በ41 እርምጃ ነው የሮጠው» ይላል። እኔም አምኜ ተነሳሁ። ስቆጥር 40 መጣ። እንደገና ቆጠርኩ፣ 42 ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ 40። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

42ቷ ቶሎ ተፈታች። ሲነሳ የመነሻውን ብረት የሚገፋባቸውን እግሮች እንደ እርምጃ እየቆጠርኩ ነበር። እነሱ አይቆጠሩም። የሚቆጠረው ከብረቱ ከለቀቀ በኋላ መሬት የነካው እግር ነው። ይህን ካስተካከልኩ በኋላ ግን ሁልጊዜ 40 ብቻ ይመጣ ጀመር። አንዷ እርምጃ የት ጠፋች?

መጀመሪያ ቪዲዮውን ጠረጠርኩ። ቦልት በሙሉ ፍጥነቱ ሲሮጥ በሰከንድ አራት ተኩል ገደማ ይረግጣል። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ምስል ከሆነ ለአንድ እርምጃ ስድስት ምስል እንኳን አይደርሰውም። ዓይን ከተጨፈነ እግር አመለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ ዓምድ ግራ፣ በሌላው ቀኝ። አንድ እግር ሲያርፍ አንድ ጭረት። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት እግር ከመጣ አንዱን ዘልያለሁ ማለት ነው፣ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ከዚህ ሥራ ካገኘኋቸው ዘዴዎች ሁሉ እንደ ሁለቱ ዓምዶች የምወደው የለም። በቃል የምትቆጥሩ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት። በቃል የተቆጠረ ቁጥር አላምንም፣ የራሴንም ቢሆን።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄም ያው 40 ነው። «41 የሚባለው ተረት ነው» ብዬ ከአንድ ወዳጄ ጋር ክፉኛ ተከራከርኩ። ሁለት ሳምንት ተኳረፍን።

እሁድ ዕለት መጨረሻውን ብቻ ለማየት ወሰንኩ። ከመስመሩ በፊት ያሉትን ምስሎች አንድ በአንድ። 40ኛው እግር አረፈ፣ መሬቱን ለቀቀ። ቀጣዩ እግር ገና አየር ላይ ሳለ ደረቱ መስመሩን አለፈ። 41ኛው እግር ያረፈው ከመስመሩ ወዲያ ነው! በርሊን ላይ ሩጫውን የለኩት ባለሙያዎች ያወጡት ቁጥር 40.92 ነው። ነጥብ ዘጠና ሁለቷን አይቻት ነበር፣ ግን የአጻጻፍ ጌጥ መስላኝ አልፌያት ኖሯል። እኔ ያረፉትን እግሮች እቆጥራለሁ፣ ወዳጄ እርምጃዎቹን ይቆጥራል። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ያኔውኑ ደወልኩለት፣ ይቅርታም ጠየቅሁት።

ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ድምፁን አጥፉት። የተንታኙ ጩኸት ዓይንን ያስቸኩላል። ሙዚቃ የተጫነባቸውን ቅንጭብጭብ ቪዲዮዎች አትንኩ፣ ፍጥነታቸው የተነካካ ነው። ስልክ ላይ አትሞክሩት። ኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብን አቁማችሁ የነጥብና የኮማ ቁልፎችን ስትጫኑ አንድ አንድ ምስል ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

«ቁመቱ ነው እንጂ ምን አለው» የሚል ሰው ያናድደኛል። እርግጥ 1 ሜትር ከ95 ነው። በዚያው ሩጫ 9.71 ሮጦ ሁለተኛ የወጣው ታይሰን ጌይ 45 ገደማ እርምጃ ነው የፈጀው። ግን ረጅም ሰው መነሻ ላይ ይጎተታል ተብሎ ስለሚታመን ቦልት 100 ሜትርን የተፈቀደለት በልመና ነው። አሰልጣኙ ግሌን ሚልስ መጀመሪያ የጃማይካን የ200 ሜትር ክብረ ወሰን ስበር አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 በ19.75 ሰበረው፣ ከዚያ ነው 100 ሜትር የተሰጠው።

አንድ ቀን የግቢያችን ሲሚንቶ ላይ 2 ሜትር ከ44 ለክቼ በጠመኔ ሁለት መስመር አሰመርኩ። አማካይ እርምጃው ይህን ያህል ነው። የጎረቤት ልጆች ተንደርድረው ይዘሉት ጀመር። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ በሦስተኛ ሙከራዋ ደረሰችበት። ቁና ቁና እየተነፈሰች ዞር አለችና «እሱ ግን አርባ ጊዜ ነው በተከታታይ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። መስመሩን ቁልቁል እያየች ዝም አለች።

ሌላው የተማርኩት ከባድ ነበር። 9.58ን በየ20 ሜትሩ ሲከፍሉት 2.89፣ 1.75፣ 1.67፣ 1.61 እና 1.66 ሰከንድ ነው። የመጨረሻዋን ተመልከቷት። ፍጥነቱ ቀንሷል። እኛ የረጅም ርቀት ልጆች ነን። ዓይናችን የሰለጠነው በማርሽ ቀያሪው በምሩፅ ይፍጠር፣ ደወል ሲደወል ዙሩን በሚያከር ሯጭ ነው። ቦልትም 60 ሜትር ላይ ማርሽ ይቀይራል ብዬ ለስንቱ አስተምሬያለሁ። አይቀይርም። ከመነሻው ጀምሮ ሲጨምር የመጣው ፍጥነት እዚያ ጣሪያውን ይነካል፣ ከዚያ እንዳይወርድ ይይዘዋል። መጨረሻ ላይ ያጣው 5 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አውቄም ግን ቪዲዮውን ስከፍት ዛሬም ማርሽ የቀየረ ይመስለኛል።

ደብተሬ ውስጥ ባዶ የተውኳቸው ገጾችም አሉ። እ.ኤ.አ. የ2011 የደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ፣ ቀድሞ ተነስቶ ከፍጻሜው የወጣበት። የ2017 ለንደን፣ በ9.95 ሦስተኛ የሆነበት፣ በዱላ ቅብብሉም እግሩን ይዞ የወደቀበት። ቀኑን ደብተሩ ላይ ጽፌ ተቀምጫለሁ፣ ቪዲዮውን ግን መክፈት አልቻልኩም።

አሁን የያዝኩት የበርሊኑን 200 ሜትር፣ 19.19ን ነው። ኩርባው ላይ ካሜራው ሲቀየር እግሩ ይጠፋብኛል። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ ቁጥር አግኝቻለሁ። ካሜራው ሳይቆራረጥ ከጎን የተቀረጸ ያለው ሰው ካለ ይጠቁመኝ።