ከባሮሳ ሸለቆ፦ የአብያተ ክርስቲያናቱና የትምህርት ቤቶቹ ዜና ለእኛ ለስደተኞቹ

በደቡብ አውስትራሊያ፣ ከአዴሌድ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የባሮሳ ሸለቆ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው በወይኑ ነው፤ እዚህ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ግን ሸለቆውን ያወቅነውና የለመድነው በሉተራን አብያተ ክርስቲያናቱና በትምህርት ቤቶቹ በኩል ነው። ታኑንዳ በምትባለው ትንሽ ከተማ ብቻ ላንግማይል፣ ታቦር፣ ቅዱስ ዮሐንስና ቅዱስ ጳውሎስ የሚባሉ አራት የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። እሑድ ለአምልኮ ስንገባ በር ላይ የቆሙት አስተናጋጆች የሳምንቱን የዜና ወረቀት ይሰጡናል። በሜልበርንና በአዴሌድ የሚኖሩ ወገኖቻችን «በዚያ ገጠር፣ በማታውቋቸው ሰዎች መካከል ምን ይዟችሁ ተቀመጣችሁ?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁን፣ መልሴን በዚህ ወረቀት በኩል ልጽፍላቸው ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ነገር ለውጭ ሰው ትንሽ ይመስላል። ማን ሆስፒታል እንደገባ፣ የማን ልጅ እንደተጠመቀ፣ የትኛው ትምህርት ቤት አዲስ ርእሰ መምህር እንደተቀበለ፣ የመቃብሩን ስፍራ ሣር ለማጨድ ቅዳሜ ጠዋት እነማን እንደሚመጡ ይነገርበታል። በመከር ወራት፣ ይኸውም እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ምእመናን ለምስጋናው በዓል የወይን ዘለላ፣ ዱባና ዳቦ አምጥተው መሠዊያው ፊት እንዲያኖሩ ጥሪ ይደረጋል። ቻይና በ2020 በአውስትራሊያ ወይን ላይ ከባድ ቀረጥ ጥላ እስከ መጋቢት 2024 ድረስ ሳታነሣ በቆየችባቸው ዓመታት የቀይ ወይን ዋጋ ወድቆ ገበሬው ሲጨነቅ፣ ከዚያም ድርቁ ሲበረታ፣ ወረቀቱ ስለ ዝናብ የሚጸለይበትን ቀንና ሰዓት ያስታውቅ ነበር። እኔ ያደግሁት ዝናብ ሲዘገይ ማኅበረ ምእመናኑ ሁሉ በሚጸልይበት ቤት ስለሆነ፣ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የመጣሁበትን አገር ሰዎች ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በተንከባካቢነት ነው። ከምረዳቸው አዛውንቶች አብዛኞቹ በእነዚሁ አብያተ ክርስቲያናት ተጠምቀው፣ የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም፣ ማለትም የእምነት መማሪያ መጽሐፉን፣ በቃላቸው ይዘው ያደጉ ናቸው፤ ዓይናቸው ለደከመው የዜና ወረቀቱን የማነብላቸው እኔ ነኝ። የሸለቆውን ታሪክም የተማርሁት ከእነርሱ ነው። አባቶቻቸው በ1838 ከፕሩሲያ መምጣት የጀመሩት ንጉሡ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ የሉተራንንና የተሐድሶን (የካልቪን ተከታዮችን) አብያተ ክርስቲያናት በአንድ የአምልኮ ሥርዓት አጠቃልሎ፣ እንቢ ያሉትን ቄሶች በቅጣትና በእስራት ስላስጨነቃቸው ነበር። ቄስ አውጉስት ካቬል የመንደራቸውን ምእመናን አሰባስበው፣ ጆርጅ ፋይፍ አንጋስ የተባለው ባለ ሀብት ለመርከቡ ጉዞ ገንዘብ አበድሯቸው ተሻገሩ። በ1842 በባሮሳ የመጀመሪያ የሆነችውን ቤታኒ የተባለች መንደር ሲቆረቁሩ ጸሎት ቤትና ትምህርት ቤት ለማቆም ጊዜ አልፈጁም፤ ልጁ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ ማንበብ አለበት የሚለው እምነታቸው ከጸሎት ቤቱ ጎን ሁልጊዜ ትምህርት ቤት እንዲኖር ያስገድዳቸው ነበርና።

ከአዛውንቶቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው ከ90 የዘለለ አባት፣ የትምህርት ቤት ዜና ባነበብሁላቸው ቁጥር እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኝና ስለ አባታቸው ይነግሩኛል። አባታቸው የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት በ1917 አርባ ዘጠኝ የሉተራን ትምህርት ቤቶችን ባንድ ጊዜ ዘጋ፤ ምክንያቱ ጀርመንኛ ይነገርባቸዋል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ 69 የጀርመን የቦታ ስሞችን ለወጠ፤ ሐንዶርፍ አምብልሳይድ ተባለች። ቤተሰቡ ልጆቹን በሹክሹክታ ካልሆነ በቋንቋው ማነጋገር ተወ። «አባቴ እስኪሞት ድረስ ሰው ባለበት ጀርመንኛ አይናገርም ነበር» አሉኝ።

እኔም እናቴ ትነግረን የነበረውን ነገርኋቸው። በምዕራብ ወለጋ፣ አይራ አጠገብ የነበረችው የመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናናችን በደርግ ዘመን ተዘግታ፣ አባቴና ሌሎች ሽማግሌዎች ታስረው፣ ምእመናኑ ማታ ማታ በየቤቱ ተሸሽገው ይጸልዩ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1979 አዲስ አበባ ውስጥ ከስብከት ሲወጡ ተወስደው መገደላቸውን ነገርኋቸው፤ እኒህ ሰው በ1960ዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በሉተር ሴሚናሪ የተማሩ እንደ ነበሩም ጨመርሁ። አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያበቁ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲህ በጠዋት ጸሎታቸው ስሟን ይጠሩታል። በሥራ ቦታዬ እንግዳ መሆኔ የቀረው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ስለ ቤታኒ የወጣ አንድ አጭር የታሪክ ዘገባ ነው። በጥቅምት 1875 ኬምፔና ሽቫርስ የተባሉ ሁለት ወጣት ሚስዮናውያን ከዚያች መንደር ተነሥተው፣ በጎችና ከብቶች እየነዱ፣ ወደ አውስትራሊያ ማዕከላዊ በረሃ አቀኑ፤ ሃያ ወር ገደማ ተጉዘው በሰኔ 1877 ደረሱና የአገሩ ነባር ተወላጅ በሆነው በአራንዳ ሕዝብ ምድር ሄርማንስቡርግ የሚባለውን ሚስዮን መሠረቱ። ስሙን ያገኘው ሁለቱ ከተማሩበት በሰሜን ጀርመን ከሚገኘው የሄርማንስቡርግ ሚስዮን ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ቆምሁ፤ የአይራን የወንጌል ሥራ በ1928 የጀመረው ያው ሚስዮን ነውና። ነገሩን ተከታትዬ ሳነብ ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ታሪክ አገኘሁ። የሚስዮኑ መሥራች ሉድቪግ ሃርምስ በ1853 መርከብ አሠርቶ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በተጠቀሰችው የኢትዮጵያ ንግሥት በህንደኬ ስም ሰይሞ፣ የመጀመሪያዎቹን መልእክተኞች ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ላከ። እነርሱ በሞምባሳ በኩል ለመግባት ሞክረው ስለ ተከለከሉ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወደ ናታል ተመለሱ። ወደ አገራችን የመድረሱ ምኞት የተፈጸመው ከ70 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ የአይራ ልጅ በባሮሳ ያለ ቦታዋ የተገኘች ናት ለማለት የሚደፍር ካለ፣ እኔ አልስማማም።

የትምህርት ቤቶቹ ዜና ለእኔ ሌላ ምክንያትም አለው። ልጅነቴን ያሳለፍሁት በሰሜን ኬንያ በካኩማ የስደተኞች ሰፈር ነው። ካኩማ በ1992 ሲከፈት በዋነኛነት ከሱዳን ለመጡ ስደተኞች ቢሆንም፣ ከኢትዮጵያ የሸሸን ቤተሰቦችም ብዙ ነበርን። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹን ያስተዳድር የነበረው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነው። በአንድ ክፍል ከመቶ በላይ ሆነን እንማር ነበር፤ ለአንድ ወንበር አምስት ስድስት፣ ለአንድ መጽሐፍ ከዚያ የሚበልጥ። አሸዋው እግር ያቃጥላል፣ ነፋሱ ሲነሣ ሰሌዳው አይታይም። ቢሆንም ማንበብና መጻፍ የተማርሁት እዚያ ነው፤ ደብተራችን ከየት እንደሚመጣ፣ የመምህሩን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

እዚህ በዜና ወረቀቱ ላይ የአውስትራሊያ ሉተራን ዓለም አቀፍ አገልግሎት የተባለው የርዳታ ድርጅት ያዘጋጀውን የእግር ጉዞ ማስታወቂያ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ተማሪዎችና ምእመናን 26 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ 26 የአውስትራሊያ ዶላር አንድን የስደተኛ ልጅ ለአንድ ዓመት ትምህርት ቤት ለማቆየት ያግዛል ተብሎ ስለሚታሰብ እያንዳንዱ ተጓዥ ከዘመድና ከጎረቤት ገንዘብ ያሰባስባል። የልጄ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ለተማሪዎቹ ስለ ካኩማ እንድናገር ሲጠይቁኝ ደስ እያለኝ ሄድሁ። ልጆቹ ያቀረቡልኝ ጥያቄ ሁሉ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ትሰለፉ ነበር፣ ሴቶች ልጆች ለምን ትምህርት ያቋርጣሉ፣ ኳሳችሁ ከምን ይሠራ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ለሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰጥቼ መለስሁ፤ ከእኔ ጋር አንደኛ ክፍል ከገቡት ሴቶች ስምንተኛ ክፍል የደረስነው ጥቂቶች ነንና። ውኃ መቅዳት፣ ታናናሾችን መጠበቅና ያለ ዕድሜ መዳር እንዴት አድርገው አንድ በአንድ እንዳስቀሯቸው፣ ለልጅ በሚመጥን ቃል ነገርኋቸው።

ስለ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ወገኖቼ ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። በታኑንዳ፣ በኑሪዩትፓ፣ በአንጋስተንና በሊንዶክ የሉተራን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከዚያ የሚቀጥሉት በታኑንዳ ወደሚገኘው ወደ ፌይዝ ሉተራን ኮሌጅ ይሄዳሉ፣ ይህም በ1985 የተከፈተ ነው። ተማሪው ሉተራን እንዲሆን አይገደድም፤ ዛሬ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የመጡና ከነጭራሹም ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱ ቤተሰቦች ልጆች በብዛት ይማሩባቸዋል። መንግሥት የወጪውን ከፊል ድርሻ ይሸፍናል፤ ወላጅ ግን ይከፍላል፤ ክፍያው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ወላጅ አፍሮ ከመቅረት ይልቅ የትምህርት ቤቱን ቢሮ በግልጽ ቢያነጋግር የቅናሽ ዕድል አለ። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ሳይጠይቁ ልጆቻቸውን ያስቀሩ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

ዜናው ሁሉ የሚያስደስት አይደለም። ወጣቱ ወደ ከተማ ስለሚፈልስ አንዳንድ የገጠር ማኅበረ ምእመናን ሰው አንሷቸው ከጎረቤት ጋር አንድ ቄስ ይጋራሉ። በጥቅምት 2024 ደግሞ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ሲኖዶስ ሴቶችም እንደ ወንዶች ለቅስና እንዲሾሙ ወሰነ። ጉዳዩ በ2000፣ በ2006፣ በ2015 እና በ2018 ቀርቦ የሚፈለገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ የቀረ ነበር። በሸለቆው ውስጥ ውሳኔውን በደስታ እንባ የተቀበሉ አሉ፤ በሕሊናቸው መቀበል አቅቷቸው የወጡም አሉ፤ አንድ ቤተሰብ ለሁለት ሲከፈል አይቻለሁ። እኔ የመጣሁባት መካነ ኢየሱስ ሴቶችን በቅስና መሾም ከጀመረች ከሃያ ዓመት በላይ ስለሆናት፣ አስተያየቴን ሲጠይቁኝ በአገራችን ሴት ቄስ ቁርባን ስታቀብል መታየቷን እነግራቸዋለሁ። በወጡት ላይ ግን ክፉ ቃል አልናገርም። የሸለቆው ሉተራኖች በ1846 በትምህርተ እምነት ተለያይተው፣ እንደ ገና አንድ የሆኑት በ1966 ነው፤ የመለያየት ቁስል ስንት ትውልድ እንደሚቆይ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ስለዚህም በሁለቱም ወገን ያሉትን አዛውንቶች እኩል እጠብቃለሁ፣ ለሁለቱም እኩል አነባለሁ።

እኛ በበኩላችን የወረቀቱ አንባቢዎች ብቻ ሆነን አልቀረንም። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የአማርኛ ጸሎት ስብሰባችን በማስታወቂያው ውስጥ ይወጣል፤ ሽማግሌዎቹ የጸሎት ቤቱን አዳራሽ ያለ ክፍያ ሰጥተውናል። ልጆቻችን ከሸለቆው ልጆች ጋር የእምነት ማጽናት ትምህርት ይማራሉ፤ ቄሱም የጌታን ጸሎት በአማርኛ እንዲሉት ፈቅደውላቸዋል፣ ሌሎቹም ልጆች መጀመሪያዋን መስመር ይዘዋታል። ከአዴሌድ ወይም ከዙሪያው ለመምጣት የምታስቡ ቤተሰቦች ካላችሁ፣ የምንሰበሰበው በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከጸሎቱ በኋላ ቡና ይፈላል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ በአዳራሹ ያሉት መጻሕፍት እንግሊዝኛና ያረጁ ጀርመንኛ ብቻ ናቸው።