የቻይንኛ ቃላት አፕ አመራረጥ፦ ከአንድ የአዳማ ስቶር ኪፐር

"ቻይንኛ ጀምረሃል አሉ፤ በየትኛው አፕ ነው የምታጠናው?" የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በዝቶብኛል። ለእያንዳንዱ በኢንቦክስ ከምመልስ እዚሁ ልዘርግፈው። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ቃል ለመፈለግ ፕሌኮ፣ ያገኘሁትን ላለመርሳት አንኪ (በጥያቄና መልስ ካርድ የሚያስጠና አፕ)። ሌላው ሁሉ ስልኬ ላይ ገብቶ ወጥቷል። ግን እኔ ስለተጠቀምኩበት ብቻ እንዳትጭኑት። የእኔ ሥራ ከእናንተ ሥራ ይለያል፤ አፕ ደግሞ የሚመረጠው በሥራ ነው።

የምሠራው የአንድ ፋብሪካ ስፔር ፓርት ስቶር ውስጥ ነው። ማሽኖቹ የቻይና ናቸው፤ የሚጠግኗቸውም አብዛኞቹ ቻይናውያን ናቸው። አዳማ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። ፈጣን መንገዱን፣ የባቡሩን መስመር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የንፋስ ማመንጫዎች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩን የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ታዲያ "ሰላም" እና "አመሰግናለሁ" የሚል ቻይንኛ እዚህ ማንም ይችላል። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ፊልትሮ ነው። ከዚያ ደግሞ ቁጥር። ብዙ ቁጥር።

አፕ ማማረጥ ስጀምር ሁሉም ሰው የሚያሳየኝ የጨዋታ አይነቶቹን ነበር። ነጥብ ይሰጣሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ አንድ ቀን ካመለጣችሁ ይወቅሷችኋል። አልጠላኋቸውም። ፒንዪን (የቻይንኛ ድምፅ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት) ለማያውቅ ሰው መነሻ ይሆናሉ፤ ሄሎቻይኒዝን ለጀማሪ አሁንም እመክራለሁ። ችግሩ ቃሉን የሚመርጡት እነሱ መሆናቸው ነው። የአፑን መንገድ ጨርሳችሁ የእናንተ ቃል እስኪደርስ መጠበቅ ነው፤ ላይደርስም ይችላል።

ዝግጁ የኤችኤስኬ ዝርዝሮችም እንደዚያው ናቸው። ኤችኤስኬ የቻይና መንግሥት የቋንቋ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው አሠራር 6 ደረጃ ነበረው፤ አንደኛው 150 ቃል፣ ስድስተኛው 5,000 ቃል። በ2021 የወጣው መስፈርት ደግሞ 9 ደረጃና 11,092 ቃል አለው። ስለዚህ ዴክ (የተዘጋጀ የካርድ ስብስብ) ስታወርዱ በየትኛው ዝርዝር እንደተሠራ እዩ፤ "ደረጃ አንድ" የሚለው ስም ሁለቱም ላይ አለ፣ ውስጡ ግን አንድ አይደለም። ለስኮላርሺፕ የምትዘጋጁ ከሆነ ዝርዝሩን ያዙ፣ ሌላ አትመልከቱ። ለሥራ ከሆነ ግን በ2010ሩ ዝርዝር ፖም አንደኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ኩሽኔታን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ብትፈልጉ የለም።

እንግዲህ የእኔ መለኪያ እዚህ ላይ ወጣ። አፑ የራሴን ቃል ይቀበላል ወይ? ያለ ዳታ ይሠራል ወይ? ድምፅ ማስገባት ይቻላል ወይ? በዶላር ክፈል ይለኛል ወይ? የመጨረሻውን ቀድሜ ልጨርሰው። ስክሪተር የሚባለው ለምሳሌ ገጸ ፊደሎቹን በጣት እያስጻፈ የሚያስተምር ጎበዝ አፕ ነው፤ ግን በየወሩ ክፍያ አለው። የውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ የሌለው ሰው ብዙ ባይለምደው ይሻላል። አንኪ ኮምፒውተር ላይ ነጻ ነው፤ አንድሮይድ ላይ አንኪድሮይድ በሚል ስም ነጻ ነው። አይፎን የያዛችሁ ብቻ 24.99 ዶላር አንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ። ስሙን የሚመስሉ ሌሎች አፖች ስላሉ ስታወርዱ አንኪድሮይድ የሚለውን አይታችሁ።

ፕሌኮ መዝገበ ቃላት ነው። መሠረታዊው ነጻ ነው፤ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስቶሩ ውስጥ በብረት መደርደሪያ መሀል ኔትወርክ ስለማይገባ ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በካሜራ ጽሑፍ የሚያነበው ክፍል የሚከፈልበት ስለሆነ እሱን ትቼዋለሁ። ካርቶን ላይ ያለ ገጸ ፊደል ሲያጋጥመኝ የጉግልን ኪቦርድ ወደ ቻይንኛ አዙሬ በጣቴ እስለዋለሁ። አሳሳሌ የሕፃን ነው፤ ኪቦርዱ ግን ብዙ ጊዜ ይገባዋል።

ፕሌኮ የሚተረጉመው ወደ እንግሊዝኛ ነው። ይሄንን ብዙ ሰው ሳያስብበት ያልፈዋል። ካርድ ላይ "ቤሪንግ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ከጻፍኩ፣ ጭንቅላቴ ቻይንኛውን ሰምቶ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ ኩሽኔታ ይሄዳል። መስኮት ላይ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ይሄ መንገድ ረጅም ነው። ስለዚህ ካርዶቼ ላይ እንግሊዝኛ የለም። "ጆኦቸንግ" ሲል ከጀርባው ያለው ኩሽኔታ ነው፤ ከነፎቶው። ፎቶውን ከራሴ መደርደሪያ ነው ያነሳሁት። አንኪን ያስመረጠኝ አንዱ ይሄ ነው፦ ጽሑፍ፣ ፎቶና ድምፅ እንደፈለጋችሁ ታስገባላችሁ፤ የሚከለክላችሁ የለም። መልኩ ግን አያምርም። ከተከፈተ ጀምሮ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ይመስላል።

ድምፁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

ቻይንኛ አራት ቶን አለው፤ ቶን ማለት የቃሉን ትርጉም የሚለውጥ የድምፅ መውጣትና መውረድ ነው። አራት ቁጥር "ስ" ናት፤ አራተኛ ቶን፣ ከላይ ወደ ታች ቶሎ ትወርዳለች። አሥር "ሽ" ናት፤ ሁለተኛ ቶን፣ ወደ ላይ ትነሳለች። መጽሐፍ ላይ የሚያሳስት ነገር የላቸውም። ነገር ግን ከደቡብ ቻይና የመጡ ብዙ ሰዎች "ሽ"ን "ስ" አድርገው ይጠሩታል። ያኔ አራትንና አሥርን የሚለየው የድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። የእኛ ጀነሬተር ክፍል ሽፉ (የእጅ ሙያተኛን በአክብሮት እንዲህ ነው የሚጠሩት) እንደዚያ ነው የሚናገረው። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ የኩሽኔታውን ቁጥር ይጠራል፤ "ልዮ፣ አር፣ ሊንግ፣ ስ"። 6204 ማለቱ ነው። ከዚያ ስንት እንደሚፈልግ ሲናገር ደግሞ ያቺው "ስ" ትመጣለች። አራት ነው አሥር? ግራ የገባኝ ሲመስለው ሁለቱን አመልካች ጣቶቹን አጣምሮ መስቀል ይሠራል። አሥር ነው። መስቀሉ ካልመጣ አራት ነው።

ጣቱን እያየሁ መኖር እችላለሁ። ስልክ ሲደውል ግን ጣት የለም። ስለዚህ አንኪድሮይድ ካርድ ሲሠራ በስልኩ ማይክ መቅዳት ስለሚያስችል ሽፉውን ጠየቅኩት። ሻይ ሰዓት ላይ ቁጥሮቹን፣ ከዚያ የዕቃዎቹን ስም እየሳቀ ቀዳልኝ። አሁን ስልኬ የሚጠይቀኝ በእሱ ድምፅ ነው። የካርዱ ፊት ላይ ምንም ጽሑፍ የለም፤ የድምፅ ምልክት ብቻ። እሰማለሁ፣ "አሥራ አራት" ወይ "አርባ" እላለሁ፣ እገልጠዋለሁ። ከመደበኛው ንባብ ጋር እንዳልጣላ ደግሞ አንድሮይዱ ራሱ የሚያነበውን የቻይንኛ ድምፅ አውርጄ ሁለተኛ ካርድ ላይ አድርጌያለሁ። እሱም አንዴ ከወረደ ያለ ዳታ ይሠራል።

እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው ቃላት ለማሳያ ብቻ ናቸው። ካርዳችሁ ላይ ፒንዪኑን ከነቶን ምልክቱ ጻፉ። "ማይ" ብላችሁ በፊደል ብትይዙት በሦስተኛው ቶን መግዛት፣ በአራተኛው መሸጥ ነው። ንግድ ላይ ላላችሁ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሌላ ነገር፦ ነጠላ ቃል ካርድ ማድረግ ትቻለሁ። ቻይንኛ ዕቃ ሲቆጥር በቁጥሩና በስሙ መሀል መቁጠሪያ ቃል ያስገባል፤ ረጅምና ተጣጣፊ ነገር "ትያዎ" ይባላል። ቺንጋ እዚያ ውስጥ ነው። "ፒዳይ" የሚለውን ብቻ ከማጥናት "ሊያንግ ትያዎ ፒዳይ"፣ ሁለት ቺንጋ፣ ብሎ መያዝ ይሻላል። አፍ ላይ የሚመጣው ሙሉው ነው። በዚያውም ሁለትን "አር" የምንለው ቁጥር ስንጠራ፣ "ሊያንግ" የምንለው ዕቃ ስንቆጥር መሆኑ ሳይነገራችሁ ይገባችኋል።

ስለ አንኪ አሠራር ብዙ አልልም። ያወቃችሁትን ቃል ያርቀዋል፣ የረሳችሁትን ያቀርበዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ አእምሮ እንዴት እንደሚረሳ ራሱ ላይ ሞክሮ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። አንኪ ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኤፍኤስአርኤስ የሚባል አዲስ ስሌት ገብቶበታል፤ ጀማሪው ጃሬት ዬ የሚባል ቻይናዊ ነው። የዴኩ ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። እዚያው ስንት መቶኛውን ማስታወስ እንደምትፈልጉ ይጠይቃል፤ ከ90 አትነቅንቁት። ወደ 97 ከፍ ያደረገ ሰው ቀኑን ሙሉ ካርድ ሲገለብጥ ይውላል።

ሰው ከአንኪ የሚሸሸው በሌላ በአንድ ምክንያት ነው። ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ ተብሎ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ነው፤ ከዚያ የድሮዎቹ ክለሳ ሆነው ተሰብስበው ይመጣሉ። ቤተሰብና ፈረቃ ያለው ሰው ይሄን አይችለውም። እኔ 5 ላይ አድርጌዋለሁ፤ ከቤት ፋብሪካ ባጃጅ ውስጥ ያልቃል። ሥራ ሲበዛ አዲሱን ዜሮ አድርጉትና ክለሳውን ብቻ ሥሩ። ስለ ቁልፎቹም፦ ከረሳችሁ "አጌን" ንኩ። "ሃርድ" ማለት አስታወስኩት ግን ከብዶኛል ማለት ነው። ረስታችሁ ሃርድ ከነካችሁ አፑ ያወቃችሁት ይመስለዋል፣ ስሌቱም ይበላሻል። ለራስ ማዘን እዚህ ጋር አይሠራም።

አሁን የት ደረስኩ ለምትሉ፦ የስልክ ትዕዛዝ ቁጥሩን ከነመቁጠሪያው እሰማለሁ። የዕቃ ስም ከሆነ ብዙም አልጠይቅም። ወሬ ሲጀምሩ ግን ጠፋሁ። ቃል ማወቅና ወሬ መከተል ለየቅል ናቸው፤ ለዚያ አንኪ አይረዳም። ንባብም ገና ነው። ካርቶን ላይ ያሉትን ምልክቶች፣ "ተሰባሪ"፣ "ወደ ላይ"፣ "ውሃ እንዳይነካው"፣ ለይቻለሁ። ማኑዋል ግን አሁንም እንደ ግድግዳ ነው። ገጸ ፊደል በእጅ መጻፍን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ሥራዬ ላይ ማንም በእጅ ጻፍ አይለኝም፤ ፈተና የምትቀመጡ እናንተ ግን ይሄን ምክር ከእኔ አትውሰዱ።

የስቶር ካርዶቹን የጠየቃችሁኝ፣ ፋይሉን በቴሌግራም እልክላችኋለሁ። ስትነኩት አንኪድሮይድ ራሱ ኢምፖርት ላድርግ ይላል። የሽፉውን ድምፅ አውጥቼዋለሁ፤ ለእኔ እንጂ ለሕዝብ አልቀዳልኝም። ቦታው ባዶ ስለሆነ የእናንተውን ሽፉ ቅዱበት። ፎቶዎቹንም ቀይሯቸው፤ የእናንተ መደርደሪያ ላይ ያለው ፊልትሮ የእኔን ላይመስል ይችላል።