የራስ ቅል መስኮት በፎርማ አይወጣም፦ የጥንት ተሳቢዎችን በጀሶ ለሚሠሩ

አራት የራስ ቅሎችን በጀሶ ሠርቶ መጨረስ አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። በሦስት ወር የሚያልቅ ሥራ ነው። ስምንቱን ወር የበላው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እድን ነበር። ስለዚህ ለክፍሉ እንዲህ ያለ ማስተማሪያ ሊሠራ ለተነሳ መምህር፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ቢቸና ወይም ዳንግላ፣ ያንን ዐረፍተ ነገር እዚሁ ልንገረው፦ በራስ ቅሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በፎርማ፣ ጀሶው ቅርጽ በሚይዝበት ማፍሰሻ፣ ለማውጣት አትሞክር፤ ድፍኑን አውጣና ጀሶው ሳይደርቅ በቢላ ክፈታቸው።

ቀዳዳ ላይ ይህን ያህል የምጨነቀው ትምህርቱ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት በደረቅ መሬት የሚፈለፈል እንቁላል ካገኙ በኋላ በሁለት ትልልቅ ግንዶች ተከፈሉ። አንዱ ወደ አጥቢዎች፣ ወደ እኛ፣ ያመራል። ሌላው እንሽላሊትን፣ እባብን፣ አዞን፣ ዳይኖሰርንና ወፍን አፍርቷል። የዚያ ዘመን እንቁላል ቅሪተ አካል ሆኖ አልደረሰንም፤ የደረሰን አጥንቱ ነው። በአጥንቱ ላይ ሁለቱን ግንዶች ለተማሪ በዓይን የሚያሳየው ከዓይን ጉድጓድ ጀርባ ያለው ክፍተት ነው። እኔ መስኮት እለዋለሁ።

ቆሎ እያኘካችሁ ጣታችሁን በዓይናችሁና በጆሯችሁ መካከል አድርጉ። እዚያ የሚወጠረውና የሚላላው የመንጋጋ ጡንቻ ነው። ጡንቻው ከጉንጭ አጥንቱ ቅስት በስተውስጥ አልፎ ወደ ታችኛው መንጋጋ ይወርዳል። ያ ቅስት የጥንቱ መስኮት የታች ጠርዝ ነው፤ የእኛ ወገን ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ የያዘው፣ በየጎኑ አንድ መስኮት። ክፍሌ ውስጥ ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ የሠራው ይህ ቆሎ ነው። ከጀሶው በፊት ይህን አስቀድሙ።

የመረጥኳቸው አራቱ እነዚህ ናቸው። ካፕቶራይነስ፦ ከዓይኑ ጀርባ ምንም መስኮት የለውም፤ ኦክላሆማ ውስጥ ወደ 289 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጉ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች በብዛት ተገኝቷል። ዲሜትሮዶን፦ በየጎኑ አንድ መስኮት አለው። ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር ስላለው ልጆች ሁሉ ዳይኖሰር ይሉታል። ነገር ግን ዳይኖሰር ከመታየቱ አርባ ሚሊዮን ዓመት ያህል ቀድሞ የጠፋ፣ ዝምድናውም ከአዞና ከዳይኖሰር ይልቅ ወደ እኛ የሆነ እንስሳ ነው። ፔትሮላኮሳውረስ፦ ከካንሳስ የተገኘ፣ ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ፣ በየጎኑ ሁለት መስኮት ያለው። አራተኛው ኤሊ ነው፤ ስለ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ተሳቢ ተብሎ ለረጅም ጊዜ የኖረውን ሃይሎኖመስን ያልመረጥኩት የራስ ቅሉ በጣም ትንሽና የተጨፈለቀ ስለሆነ ነው።

ቀላሉን ሥራ በአጭሩ ልለፈው። የእያንዳንዱን የጎን፣ የላይና የኋላ ሥዕል በካሬ መስመር አስፍታችሁ ሁሉንም 24 ሴንቲ ሜትር አድርጉ፤ እውነተኛውን መጠን በመግለጫው ላይ ጻፉ። ከሸክላ ሠሪዎች የተቦካ ጭቃ ግዙ፤ አሸዋውን አስቀንሱ። ሞዴሉን በጭቃ ሥሩ፤ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ሸፍኑት፤ አለበለዚያ ይኮማተርና ግራና ቀኙ ይለያያል። ፎርማው ሁለት ክፍል፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ወደ 4 ኪሎ ጀሶ ይበላል። የመጀመሪያው ክፍል ሲረጋ ጠርዙ ላይ ሦስት ጉድጓድ በማንኪያ ፈልፍሉ፤ ጠርዙን ወፍራም የሳሙና ውሃ ሁለት ጊዜ ቀቡና ሁለተኛውን አፍስሱ።

ድብልቁ ለ1 ኪሎ ጀሶ 650 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ሁልጊዜ ጀሶው ወደ ውሃው ይበተናል፤ ውሃው ወደ ጀሶው አይፈስም። ከበተናችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሳትነኩት ይጠጣ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ቶሎ ቶሎ የመታ ሰው አየር ያስገባል፤ የአየር አረፋው ደግሞ ቀጭኑ አጥንት ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ባልዲው ላይ የተጋገረ የቀድሞ ጀሶ ካለ አዲሱ ሳያፈሱት ይረጋል፤ ስለዚህ ባልዲውን በየጊዜው ፍቁት።

ጀሶውን ግዙ። ማስተማሪያ ሁሉ ከአካባቢ ቁሳቁስ ይሠራ የሚለውን መመሪያ አውቀዋለሁ፤ ለጭቃው እስማማለሁ፣ ለጀሶው አልስማማም። በእርግጥ ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ ከኖራ ድንጋዩ በታች የጀሶ ድንጋይ ያለበት ንብርብር አለ፤ ፈጭቶ በምጣድ ማመስም ይቻላል። በትክክል ሲታመስ ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል ውሃ ያጣል፤ 10 ኪሎ ከነበረ 8 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይቀራል። ችግሩ ምጣድ ላይ የታችኛው ሲቃጠል የላይኛው ጥሬ መሆኑ ነው። ሚዛኑ ልክ ሆኖ እንኳ ግማሹ ያረረ፣ ግማሹ ያልበሰለ ሊሆን ይችላል። ጥሬው ድብልቁን በድንገት ያረጋዋል፤ ከልክ በላይ ያረረው ደግሞ ጨርሶ አይረጋም። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ጀሶው ተገዝቷል ተብሎ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ዛሬም ቢሆን የተገዛውን እጠቀማለሁ።

አሁን ወደ መስኮቱ።

ያሳተኝ ካፕቶራይነስ ነው። መጀመሪያ የሠራሁት እሱን ነበር፤ መስኮት የለውምና የዓይኑን ጉድጓድ ጥልቀት በሌለው ጭቃ ሞልቼ ፎርማውን አፈሰስኩ፤ በአንድ ቀን ያለ እንከን ወጣ። ቀሪዎቹም እንደዚያው ይሆናሉ ብዬ የዲሜትሮዶንን ጭቃ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ፎርማ አፈሰስኩበት። ፎርማው ሲከፈት የጉንጩ ቅስት በሁለቱም ጎን ከጭቃው ተገንጥሎ ፎርማው ውስጥ ቀረ። የቀረውን ጭቃ ለቅሜ አውጥቼ ጀሶ ሞላሁበት፤ ጀሶው ረግቶ ስከፍት ደግሞ ቅስቱ አራት ቦታ ተሰበረ።

ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ባስበው በአምስት ደቂቃ የሚገባ ነበር። መስኮቱ ከውጭ ጠባብ፣ ከውስጥ ሰፊ ነው፤ የጡንቻው ቦታ በስተውስጥ ይሰፋልና። ፈሳሹ የፎርማ ጀሶ በጠባቡ በር ይገባል፤ ውስጥ ሲደርስ ተንሰራፍቶ ይረጋል። የቁልፍ ጭንቅላት በቁልፍ ቀዳዳው አልፎ እንደሚይዝ ማለት ነው፤ ፎርማው ወደ ጎን ሲሳብ ወይ ፎርማው ይሰበራል፣ ወይ ቅስቱ። በዚያ ላይ ጀሶ ሲረጋ በጥቂቱ ያብጣል እንጂ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

እኔ ግን አላሰብኩም፤ ቅባት ያነሰ መሰለኝ። ሁለተኛውን ፎርማ በቫዝሊን ለቀለቅሁት። ቫዝሊን መጣበቅን እንጂ መቆለፍን አይፈታም። ቅስቱ እንደገና ተሰበረ፤ ጭራሽ ቅባቱ የጥርሶቹን ሥር ሞልቶ ጥርስ የሌለው ዲሜትሮዶን ወጣልኝ። ሦስተኛውን ፎርማ ሁለት መሆኑ ቀርቶ አምስት ክፍል አደረግሁት። አምስት ክፍል በትክክል የሚገጥመው ልምድ ላለው ሰው ነው፤ የእኔው በየመገጣጠሚያው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ተንሸራቶ የራስ ቅሉ ጠመመ። በዚህ መሃል ክረምት ገባ፤ የፈሰሰው ሁሉ ሳይደርቅ ሻገተ። አሥራ ሁለት ኪሎ የፎርማ ጀሶ ያለ ፍሬ አለቀ። በዚህ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ጥፋቱ የጀሶው ሳይሆን ሁለት ጊዜ ቆም ብዬ ያለመጠየቄ ነው።

የሠራው መንገድ ይኸውና። ጭቃው ሞዴል ላይ መስኮቱን አትክፈቱ። ጠርዙን ብቻ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ጎድጎድ አድርጋችሁ አስምሩ፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ውጭ የሰፋ እንጂ ወደ ውስጥ የገባ እንዳይሆን። ፎርማው ያለ ችግር ይከፈታል። ከዚያ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ያህል ጀሶ በጥብጡና እያንዳንዱን የፎርማ ክፍል ለየብቻው ከውስጥ አልብሱት፦ መጀመሪያ 3 ሚሊ ሜትር በብሩሽ፣ ከዚያ በጀሶ የተነከረ አጭር አጭር የተቆረጠ ቃጫ፣ እስከ 12 ሚሊ ሜትር። መስኮቱ የሚከፈትበት ቦታ ላይ ቃጫ አታድርጉ፤ ቢላውን ይይዘዋል። ቅስቶቹ ላይ ግን ቃጫውን በርዝመታቸው ዘርጉ፤ አንድ የመዳብ ሽቦም ከመብራት ገመድ አውጥታችሁ ቅበሩ። ተራ ሽቦ ይዝጋል፤ ዝገቱ በጀሶው አልፎ እንደ ደም ጠብታ ይታያል። በመጨረሻ ሁለቱን ክፍሎች ገጥማችሁ መገጣጠሚያውን በአንገቱ ቀዳዳ በኩል በጀሶ ለስኑት።

ፎርማው ከተከፈተ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ጀሶው እንደ አይብ ይቆረጣል። ያ ሰዓት እንዳያመልጣችሁ። ከመስኮቱ መሃል በጠባብ ቢላ ጫፍ እያሽከረከራችሁ ብሱ፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ጠርዝ በትንሽ በትንሹ ላጩ። ፈልቅቆ ማንሳት ክልክል ነው። ለፔትሮላኮሳውረስ የላይኛውን መስኮት ጨርሱና ወደ ታችኛው እለፉ፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ድልድይ ከ8 ሚሊ ሜትር አትቅጠን፣ እውነተኛዋ ከዚያ ብትቀጥንም። የማትደርሱበትን ጥግ በሴጌቶ ምላጭ ስባሪ፣ ማለስለሱን በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት። በዚህ መንገድ ፔትሮላኮሳውረስ በአራት ቀን አለቀ።

አሁን ኤሊው። የኤሊ የራስ ቅል ከዓይኑ ጀርባ መስኮት የለውም። ስለዚህ የድሮው አከፋፈል ከካፕቶራይነስ ጋር መስኮት አልባ ብሎ አንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አደረግሁ። ስህተት ነበር። ከደቡብ አፍሪካ የተገኘው፣ 260 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው ዩኖቶሳውረስ የጎድን አጥንቱ ሰፍቶ ወደ ኤሊነት ያዘነበለ ነው፤ የግልገሉ የራስ ቅል ላይ ግን የላይኛው መስኮት አለ። ከጀርመን የተገኘው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የተገለጸው፣ 240 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ፓፖኬሊስ ደግሞ ሁለቱንም ክፍተቶች ይዟል። የዘረ መል ጥናትም ኤሊን ከአዞና ከወፍ አጠገብ ያስቀምጣል። ካፕቶራይነስ መስኮት ያልከፈተ ነው፤ ኤሊ ከፍቶ የዘጋ። አንድ ዓይነት መልክ፣ ሁለት የተለያየ ታሪክ። ከአራቱ ቅሎች ሁሉ ለተማሪ የሚጠቅመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤሊውን ወደ ፔትሮላኮሳውረስ ጎን ባዛወርኩት ጊዜ አንድ ኃላፊ መጽሐፉ ላይ ከሌለ አይሆንም፣ ወደ ቦታው መልስ አለኝ። መለስኩት። ያንን ማድረጌ ከተሰበሩት ቅስቶች በላይ ያንገበግበኛል። የዩኖቶሳውረስን ሥዕል ይዤ ሄጄ ማሳየት ነበረብኝ። ኤግዚቢሽኑ ካለቀ በኋላ ኤሊው ወደ ትክክለኛ ቦታው ተመልሷል።

ዕድሜን ጀሶ ላይ አትቅረጹ። እኔ መቆሚያው ላይ «የመጀመሪያው ተሳቢ፣ 318 ሚሊዮን ዓመት» ብዬ በቢላ ቀርጬ ነበር፤ የሃይሎኖመስ ዕድሜ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ቪክቶሪያ፣ ሁለት አማተር ፈላጊዎች ያገኙት ድንጋይ ላይ የጥፍር ምልክት ያለው ኮቴ እንዳለ የሚገልጽ ጥናት ታተመ፤ ኮቴው 355 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነው ነው። ጥፍር የሁለቱ ግንዶች የጋራ ምልክት ስለሆነ ጅምራቸው ከአጥንቱ ከ35 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተገፋ። መቆሚያውን መፋቅ ግማሽ ቀን ወሰደ። በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ።

እግረ መንገድ፦ ሥራውን ያዩ ሰዎች ከዓባይ ሸለቆ አጥንት እናምጣልህ ይላሉ። አታስመጡ። በሸለቆው ዙሪያ ያለው የሙገር ጭቃ ድንጋይ የዳይኖሰርና የአዞ ዘመዶች ጥርስ፣ የሳንባ ዓሣም ቅሪት የተገኘበት ነው፤ ከንብርብሩ የተነቀለ ጥርስ ግን ዕድሜውን እዚያው ትቶ ይመጣል። ባለበት ፎቶ አንሱት፣ አጠገቡ ብር ወይም እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ ቦታውን በስልክ መዝግቡና ለቅርስ ባለስልጣን አሳውቁ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ማሳወቅን ያዛል።

ማድረቁ የመጨረሻው ነው። በ1 ኪሎ ጀሶ ከገባው 650 ግራም ውሃ 186 ግራም ያህሉ ከጀሶው ጋር ይዋሃዳል፤ 460 ግራም ገደማ በትነት መውጣት አለበት። ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ፊቱ ይፈረፈራል። በየቀኑ መዝኑት፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ከዚያ በፊት ቀለም የለም፤ የዘይት ቀለም ደግሞ ከዚያም በኋላ የለም። በክረምት የፈሰሰው ዲሜትሮዶን እስከ መስከረም ድረስ ክብደቱን ሲጥል ቆየ፤ በኅዳር የተሠራው ፔትሮላኮሳውረስ በአሥራ ሁለት ቀን ደረቀ። የፓፖኬሊስ ጭቃ አሁን በፌስታል ተሸፍኖ ጥቅምትን እየጠበቀ ነው፤ መስኮቶቹ የተሰመሩ፣ ያልተከፈቱ።