አንቀጽ 54 እና የዛሬው ድብርት

ዛሬ ማጥናት እምቢ አለኝ። የመውጫ ፈተናው ደርሷል፣ ሃንድአውቱ ተከምሯል፣ እኔ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ዝናቡን ሳይ ዋልኩ። የዶርም ጓደኛዬ የላከችልኝን የሥራ ማስታወቂያ ካነበብኩ ወዲህ ደብሮኛል። "ፖለቲካል ሳይንስ ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ፣ ሦስት ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል። ልምዱን ከየት ላምጣው?

እማዬም ደወለች። ስለ ፈተናው ጠይቃ እንደጨረሰች የለመደችውን አስከተለች። "ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ፣ ልጄ። ባንክ ብትሞክሪስ?" ፈርታ ነው። እሷ ያየችውን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

ግን እኔ ወደዚህ ትምህርት የገባሁት በዚያው በሚያስፈራው ነገር ነው። ግንቦት 2012፣ የኮሮና ጊዜ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ለነሐሴ 23 ተይዞ የነበረው ምርጫ ተራዝሟል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ደግሞ አምስት ዓመት ብቻ ነው። ዘመኑ ካለቀ በኋላ አገሩን ማን ያስተዳድር? ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የለውም። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄዎችን አጥንቶ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያቀርበው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ባለሙያዎችን ጠርቶ ሲያነጋግር በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። አንቀጽ 54 ስለ ተወካዮች ምርጫ፣ አንቀጽ 58 ስለ ምክር ቤቱ የሥራ ዘመን፣ አንቀጽ 93 ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። የቤት ሰው ሁሉ ሰልችቶት ሲነሳ እኔ ከሶፋው አልተነቃነቅኩም። ምሁራኑ ያንኑ አንቀጽ እያነበቡ የተለያየ መደምደሚያ ላይ ይደርሳሉ። ሁሉም ደግሞ ያሳምኑኛል! እንዲህ ዓይነት ትምህርት መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወሰነ፣ የመንግሥት ዘመን ተራዘመ። የትግራይ ክልል ውሳኔውን አልተቀበለም፣ ጳጉሜን 4 የራሱን ምርጫ አደረገ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት። የጦርነቱ መንስኤ ይሄ ብቻ ነው የሚል ሰው አላምንም። ግን አንድ ጥያቄ ሁሉም የሚያምነው ዳኛ ሲያጣ ምን እንደሚሆን አይተናል።

የምፈልገው ሥራ ይሄ ነው። አምባሳደር መሆን አላማረኝም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ መዝገቡን የምታዘጋጅ፣ የሌሎች አገሮችን ልምድ የምትፈትሽ፣ አማራጮቹን በንጹህ አማርኛ የምትጽፍ ባለሙያ መሆን ነው የምፈልገው። ማስታወቂያ ወጥቶለት ያውቅ እንደሆነ ነገ እጠይቃለሁ።

በብዙ አገር ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ነው። እኛ ጋ የፖለቲካ ተወካዮች የተቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ያንን ውሳኔ ፍርድ ቤት ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ወገን ይቀበለው ነበር?