አዲሷ መኪና ከ11 እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር፦ ያገኘሁት ጉድለትና ያስተካከልኩት

መስሪያ ቤታችን አዲስ ፎር ዊል ሲያስገባ ቁልፉ ለእኔ ደረሰኝ። ቆጣሪዋ 11 ኪሎ ሜትር ይላል፣ የመቀመጫዋ ላስቲክ ገና አልተላጠም። አሥራ አራት ዓመት በአሮጌ መኪና ለተንገላታ ሹፌር ይህ ሠርግ ነው። ሦስት ቀን ሙሽራ ሆኜ ነዳኋት። የምጽፍላችሁ ከአራተኛው ቀን ወዲህ ያለውን ነው። የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ ለሥራ ባልደረቦቼ የሚጠቅመው አፈላለጉ ነው።

አራተኛው ቀን ላይ ዞር ዞር ብዬ ሳያት የኮፈኑ የግራ ክፍተት ከቀኙ ሰፋ ይላል። መታወቂያዬን ከትቼ ለካሁት፦ በግራ እንደልቡ ይገባል፣ በቀኝ ይይዛል። ውሃ አያስገባም፣ ድምፅም የለው፤ ተውኩት። የአዲስ መኪና ባለቤት ሁሉ እንዲህ ያለው ነገር ላይ ነው ጊዜውን የሚጨርሰው። የጎማ ዳዶዎቹን ግን 100 ኪሎ ሜትር ስትሞላ በቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን በሚለካ መፍቻ) አንዱን ካጠበቅኩ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን እያልኩ ደገምኳቸው፣ ሁለቱ ትንሽ ተቀበሉ። ከሥር ስትገቡ ደግሞ በእግሯ ብሎኖች ላይ በቀለም የተሰመረ ምልክት ታያላችሁ፤ የፋብሪካው ሠራተኛ «አጥብቄያለሁ» ሲል የሚተወው ነው። እኔ ምልክት የሌለውን ነው የምፈልገው። የኋላ አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደው) የታችኛው ብሎን ምልክት አልነበረውም፤ ደስ ብሎኝ መፍቻ ይዤ ገባሁ፣ ጥብቅ ሆኖ አገኘሁት።

ዋናው ጣጣ አቧራ ነው። ቆጣሪዋ 900 ሊሞላ ሲል ቦረና ወረድን። ከያቤሎ ወጥተን ከአስፋልቱ ስንላቀቅ ቀዩ አፈር ከኋላችን እንደ ግድግዳ ቆመ። ማታ የኋላውን በር ስከፍት ሻንጣው፣ የውሃው ካርቶን፣ የባልደረባዬ ነጭ ጋቢ ሳይቀር በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። መስኮት የከፈተ ሰው አልነበረም። ሻጮቹ ዘንድ ስደውል «አዲስ ስለሆነች ነው፣ ጎማው ሲለምድ ይቆማል» አሉኝ። አቧራ ሲለምድ እኔ አላየሁም።

ኋላዋ እንደ ሳጥን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መኪና ስትሄድ ከበስተኋላዋ አየሩ ይሳሳል፣ ያነሳችው አቧራ ወደዚያው ይሳባል፣ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ የኋላውን በር ጠረጠርኩ። አሥር ብር አውጥቼ በበሩ ጎማ ላይ አስቀምጬ ዘጋሁና ሳብኩት። ዙሪያውን እንዲህ እያደረግኩ ስሄድ ሁሉም ቦታ ያዝ አድርጎ እያስነከሰ ለቀቀኝ፣ የግራው ታችኛ ጥግ ላይ ግን ብሩ ሳይታገል ወጣ። አገኘሁት አልኩ። የበሩ ምላስ የሚገባበት ብረት በሁለት ብሎን ነው የተያዘው። የነበረበትን ቦታ በእርሳስ አሰመርኩ (ይህን አትርሱ፣ ካበላሻችሁ መመለሻችሁ እሱ ነው)፣ ብሎኖቹን ላላ አድርጌ ወደ ውስጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ገፋሁትና አጠበቅኩ። አሁን ብሩ ሊቀደድ ሆነ። በሩም ሲዘጋ ድምፁ ወፈር አለ፤ ለራሴ ጎበዝ ነህ አልኩት።

በሚቀጥለው መስክ ከዝዋይ ወጣ ብለን ተመለስን። ሻንጣው ላይ ያው በርበሬ፤ መጠኑ ቢቀንስ ነው።

የዚህን ጊዜ ልጠርግ ጨርቅ ያነሳሁት እጄ ላይ ቀረ። ከዚህ በፊት ወዲያው እየጠረግኩ ማስረጃውን ሳጠፋ ነበር የኖርኩት። ዕቃውን ቀስ አድርጌ አውርጄ ወለሉን ሳየው አቧራው እኩል አልተኛም። ከቀኙ የጎን ሽፋን ሥር ጀምሮ እንደ ማራገቢያ እየተበተነ ይሄዳል፣ መነሻው ላይ ወፍራም ነው፣ ወደ በሩ ሲጠጋ ይሳሳል። በሩ ላይ የፈረድኩት በከፊል በሐሰት ነበር ማለት ነው። ሽፋኑን ፈታሁ፣ ግን የላሜራው ጥግ ለዓይን አይመችም። እስኪመሽ ጠበቅኩና የእጅ ባትሪ አብርቼ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ በሮቹን ሁሉ ዘጋሁ፣ ከሥር በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ሳንቲም የምታህል ክብ ብርሃን ከላይ ታየኝ። ፋብሪካ ላይ ቀለሙ እንዲፈስበት የሚተዉት ቀዳዳ ነው፤ ኋላ በጎሚኒ መደፈን ነበረበት፣ ይቺን ግን ሰው ዘሏታል። የግቢያችን ዘበኛ እግሬን ብቻ ከመኪናው ሥር አይተው «ልጄ፣ አዲስ ናት አላልከኝም ነበር?» አሉኝ።

ጎሚኒዋን ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ገዛሁ፣ ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ዋጋ። ዙሪያዋን ሲሊኮን ቀባ አድርጌ ከተትኳት። ከዚያ ላቫጆ ወስጄ ከታች በኩል በውሃ አስመታኋት፤ አንድ ባልደረባዬ ውስጥ ተቀምጦ ደረቅ ወረቀት ይዞ ይከታተል ነበር። ጠብታ የለም። በዚያው የአራቱን በሮች ታች ዳሰስኩ፣ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ። የቀኝ ፊት በር ላይ ያለው በዝገት መከላከያ ሰም ተደፍኖ ነበር፣ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ከፈትኩት። እዚያ ውስጥ የቆመ ውሃ በሩን ከውስጥ ይበላዋል።

አሁንም ቢሆን አቧራ መንገድ ላይ የማደርገው አንድ ነገር አለ፦ አየሩን ከውጭ እንዲስብ አደርግና ፋኑን ከፍ አደርጋለሁ። ውስጥ ያለው አየር ገፋ ስለሚል አቧራው በየስንጥቁ ለመግባት ይቸገራል። ብዙዎቻችን አቧራ ስናይ አየሩን ዘግተን ውስጥ ለውስጥ እናዞራለን፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሌላ መኪና ተከትላችሁ አቧራው ውስጥ ከገባችሁ ግን ያኔ መዝጋት ነው።

ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ውስጥ የነበረችው ጢጥ ጢጥ የምትል ድምፅ ቀላል ነበረች። ባልደረባዬ ሲነዳ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ እየተጫንኩ ሄድኩ፣ ከጓንት ሳጥኑ በስተጀርባ የተንጠለጠለ የሽቦ መሰኪያ ሆነ። የብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅልዬ አሰርኩት። እዚያ አካባቢ ቢጫ ሽቦ ካያችሁ የኤርባግ ስለሆነ እጃችሁን ሰብስቡ፤ እሱ የሻጩ ሥራ ነው።

ብዙ ያስተማረኝ የኋላው ዲፈረንሻል ነው፤ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን ማለቴ ነው። ከቦረና መልስ ከሥር ሳይ የኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ዙሪያ አቧራ ተጣብቆ ጭቃ ሆኗል፣ ማለትም ዘይት ይተፋል። «ሲሉ ይቀየር» ብዬ ፎቶ አንስቼ ልልክ ስል ጋሼ የምላቸው አንድ የድሮ መካኒክ «መጀመሪያ መተንፈሻውን እይ» አሉኝ። ከአክስሉ (ዲፈረንሻሉን ከያዘው የኋላ ብረት) ወደ ሻሲው (ወደ መኪናዋ አጽም) የምትወጣ ቀጭን ቱቦ አለች። አሳሪው ክሊፕ ከቦታው ተንሸራቶ ቱቦዋን እንደ ጭድ አጥፏታል። ዲፈረንሻሉ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፤ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። የከፋው ደግሞ ወንዝ ሲገባ ነው፦ የጋለው ብረት ድንገት ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይኮማተራል፣ በዚያው በሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። ያን ጊዜ ዘይቱን ስታዩት ሻይ በወተት መስሎ ታገኙታላችሁ። ቱቦዋን አቃናሁ፣ ክሊፑን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ሲሉን በጨርቅ አጽድቼ 300 ኪሎ ሜትር ነዳሁና ጣቴን አሳለፍኩበት። ደረቅ። ሲሉ ጤነኛ ነበር።

ሁሉንም ከመንካቴ በፊት ፎቶ ከነቆጣሪው አንስቻለሁ፣ ዋስትናው ላይ ክርክር ቢነሳ ይዤው እንድቀርብ። መሪዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብል ነበር፤ እሱን አልነካሁም፣ ሻጮቹ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሠርተው መለሱልኝ።

ዛሬ 2,900 ላይ ነን። ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ገና ሳትሞቅ፣ ከግራ ኋላ ጎማ አካባቢ የምትመጣ አንዲት ሲጥ የምትል ድምፅ አለች፤ ጎሚስታው ጎማውን አውርዶ አይቶ ምንም የለም ብሏል። ቅዳሜ ክሪክና ባትሪ ይዤ ከሥር እገባለሁ።