ሶብር በ2 እጥፍ ፍጥነት

ይሄን የምጽፈው ምናልባት ከጻፍኩት ከጭንቅላቴ ይወጣልኛል ብዬ ነው፣ ምክንያቱም አምስት ቀን ሙሉ ጋደም ባልኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ትራስ እያስነከሰኝ ነው።

ኢሻእ (የማታው ሶላት) ላይ ነው። አርፍጃለሁ (ማርፈዴ ዜና አይደለም፣ እንለፈው)። መንገድ ላይ በኤርፎን ስለ ሶብር (ትዕግስት) የሚያወራ ደርስ (የዲን ትምህርት) እየሰማሁ ነበር፣ ደርሱ ደሞ አንድ ሰዓት ከምናምን ስለሚፈጅ በ2 እጥፍ ፍጥነት ነው የምሰማው። አዎ አውቃለሁ። ስለ ትዕግስት የሚያስተምረኝን ኡስታዝ ቶሎ በል እያልኩት ነው። በዛ ፍጥነት ሲያወራ ጎል ሊገባ ሲል የሚጮህ የኳስ ኮመንታተር ነው የሚመስለው። ሱረቱል አንቢያእ 37 ላይ «ሰው ከችኮላ ተፈጠረ» የምትለዋን እንኳን ሲያነባት ሁለት ሰከንድ አልፈጀችበትም፣ እኔም «ትክክል!» ብዬ እርምጃዬን ጨመርኩ።

ውዱኤ (ከሶላት በፊት ያለው ትጥበት) እንዴት እንደነበር አትጠይቁኝ። ተረከዜን ግን በደንብ አጥቤያለሁ፣ «ለተረከዞች ከእሳት ወዮላቸው» የምትለዋ ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምታስፈራኝ ስቸኩል እንኳን እሷን አልዘልም። ከዛ ኤርፎኑን ነቅዬ፣ ስልኩን የጃኬቴ የውስጥ ኪስ ከትቼ፣ ዚፑን እየሮጥኩ ሽቅብ ስጎትተው የሸሚዜን ጨርቅ ነከሰና ቀጥ አለ። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ይቺን ዚፕ ያዙልኝ።

ኢማሙ ለሩኩዕ (ጎንበስ ለሚባልበት) «አላሁ አክበር» አለ። መቼም ያቺን ሩጫ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ ሩጫ እንዳትባል ከወገብ በላይ እርጋታ ከወገብ በታች ፈረስ የሆነችውን። ኢቃማ (ሶላት ሊጀመር ሲል የሚባለውን ጥሪ) ስትሰሙ እየሮጣችሁ አትምጡ፣ በእርጋታ ኑ፣ የደረሳችሁበትን ስገዱ ያመለጣችሁን ሙሉ የሚለውን የአቡ ሁረይራን ሐዲስ አላውቀውም እንዳልል ሁለቱ የሐዲስ ሰብሳቢዎች ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ነው፣ ለሰውም ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። የነቢዩ ባልደረባ አቡ በክራ ሰፉ (የሰጋጆቹ ረድፍ) ጋ ሳይደርስ ሩኩዕ ላደረገ ጊዜ እንኳን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «አላህ ጉጉትህን ይጨምርልህ፣ ግን አትድገመው» ነው ያሉት። እሱ በጉጉት ነው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር አንድ ረከዓ (የሶላት ዙር) አምልጦኛል፣ ሁለተኛዋም እንዳታመልጠኝ ነው። አንዱን ሽማግሌ እግራቸውን ረግጬ ገባሁ፣ ደረስኩ፣ አልሃምዱሊላህ።

ተሸሁድ ተቀመጥን፣ ለ3ኛው ተነሳን። የኢሻእ 3ኛ ረከዓ ላይ ኢማሙ ድምፁን እንደማያወጣ ታውቃላችሁ፣ መስጂዱ ጭጭ ብሏል። ሩኩዕ ጎንበስ ስል ኪሴ ውስጥ ምን ምኑን እንደተጫነው አላህ ይወቅ፣ ስልኩ ደርሱን ካቆመበት ቀጠለ። በስፒከር። በ2 እጥፍ። ነቢዩ ሙሳ ከአዋቂው ኸድር ጋር የተጓዙበት የቁርኣን ታሪክ ላይ ነው።

«ኸድርም መርከቧን ቀደዳት ሙሳም አለ ሰዎቿን ልታሰጥም ነውን እሱም አለ ከኔ ጋር ፈጽሞ መታገስ አትችልም አላልኩህምን!»

እጄን ላኩ። ዚፕ። ጎተትኩ፣ ዚፑ ጨርቁን ይበልጥ ጎረሰ። በጃኬቱ ላይ እንዳለሁ የስልኩን የጎን ቁልፍ ተጫንኩት፣ መቀነሻው መስሎኝ፣ መጨመሪያው ነበር። ሱጁድ ስንወርድ ኡስታዙ ኸድር ልጁን የገደለበት ጋ ደርሷል፣ ግንባሬ መሬት ላይ ነው ደረቴ ግን ኸድር እና ሙሳን እያስተረከ ነው፣ «በመርሳቴ አትያዘኝ» የምትለዋ አልፋለች እንጂ እኔም አብሬ የምላት እሷን ነበር። ለ4ኛው ቆምን፣ ከተማዋ ገቡ፣ እንግድነት ተከለከሉ፣ ግድግዳው ሊወድቅ ነው፣ ኸድር አቃናው፣ ከኋላ ያሉ ልጆች ማፈን አቅቷቸው በአፍንጫቸው መንፋት ጀምረዋል፣ ከጎኔ ያሉት እግራቸውን የረገጥኳቸው ሽማግሌ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከኹሹዕ (ከሶላት ተመስጦ) ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙሳ ቢታገስ ኖሮ ታሪካቸው ብዙ ይተረክልን ነበር ብለው ተመኝተዋል፣ እኔ ደሞ ወላሂ የዛን ቀን በሦስት ክስተት ማለቁን አመሰገንኩ። ኢማሙ አሰላምቶ ሶላቱን ሲጨርስ ኡስታዙ «ይህ በኔና ባንተ መካከል መለያያ ነው» ላይ ነው የደረሰው።

እንዳይመስላችሁ አላለቀም። ያመለጠችኝ ረከዓ አለች። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ተስቢሕ ሲያደርግ እኔ ብቻዬን ቆሜ፣ ከደረቴ የሦስቱም ክስተት ማብራሪያ እየወጣ፣ ሰገድኳት። በሕይወቴ እንደሷ ረጅም ረከዓ አላውቅም።

እንዳሰላመትኩ ዚፑን ገነጠልኩት። ሽማግሌው ዞር ብለው «አላህ ጉጉትህን ይጨምርልህ ልጄ» አሉኝ። ቀጣዩን ስለማውቀው አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። «ሁለተኛ ስታሰማን ግን» አሉ፣ «ቀስ አድርገው፣ ልጁን ለምን እንደገደለው አልያዝኩትም።»

በር ላይ ማን ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው፣ ገንዘብ የተበደረኝ ጓደኛዬ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ሶብር ነው ወንድሜ» አለኝ። በቃ እዚህ ጋ ነው የተቃጠልኩት። ስምንት ወር ሙሉ ገንዘቤን ስጠይቀው የሚመልስልኝ ይቺኑ ቃል ነው! የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ይጠበቅ የሚለውን የበቀራ 280ን አንቀጽ ከኔ በላይ በቃሉ ይዟታል፣ ያለው ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ በደል ነው የምትለዋን ሐዲስ ግን ሲሰማ ኔትዎርክ ይቆራረጥበታል። ይሄን ሲለኝ በእጁ የያዘው ስልክ ከኔው አዲስ ነው። ሶብር እኮ አንተ ራስህ የምታደርጋት ነገር ናት እንጂ አበዳሪህ ላይ የምትለጥፋት ማስታወቂያ አይደለችም። ይሄን ሁሉ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን ጃኬቴ ተቀዷል፣ ልጆቹም እያዩኝ ነው፣ «ኢንሻአላህ» ብዬ ጫማዬን ፍለጋ ገባሁ።

አሁን በጊዜ ነው የምሄደው፣ አልዋሽም፣ ትናንት ብቻ ትንሽ አርፍጄ ነበር። በሩ ላይ እነዛ ልጆች ተደርድረው ቆመዋል። ሳያዩኝ ላልፍ ስል ሁሉም በአንድ ትንፋሽ፦

«አሰላሙአለይኩምወረህመቱላሂወበረካቱሁ!»